ሐረር በግንቧ አታበቃም፦ «ዝግ ከተማ» ለሚለው አስተሳሰብ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሐረር የተጻፈውን ያነበበ፣ አስጎብኚ ይዞም በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን፣ የዞረ ሰው አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይሰማል። ሐረር ዝግ ከተማ ነበረች ይባላል። ግንቡ ከተሜውን ከገጠሬው፣ ነጋዴውን ከአራሹ፣ ሐረሪውን ከኦሮሞው፣ ከአርጎባውና ከሶማሌው ለይቶ ያኖረ አጥር ነበር፤ በሮቹ ሲመሽ ይዘጋሉ፣ ቁልፋቸውም አሚሩ ዘንድ ያድራል፤ ውስጥ ያለው ሥልጣኔ ውጭ ካለው ጋር የሚገናኘው ለገበያ ብቻ፣ ያውም በጥርጣሬ ነበር ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ከመጻሕፍት ወደ ጉብኝት ከወረደ ቆይቷል። እንግዳ ሲመጣ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ፈረስ መጋላ፣ መኪና ግርግር፣ ራምቦ ቤት፣ የሸሪፍ ሙዚየም፣ አንድ የሐረሪ ቤት ገብቶ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ መቀመጥ፣ ሲመሽ ጅብ ሲበላ ማየት፤ በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ መውረድ። በፈላና በር ወጥቶ፣ ግንቡን ከውጭ ተከትሎ፣ ወደ ማሳው የሚወርድ እንግዳ ጥቂት ነው። የሚወስደውም ሰው አያገኝም፤ እዚያ የሚታይ ነገር አለ ብሎ የነገረው የለምና።

የእኔ ክርክር ይህ አስተሳሰብ በታሪክም በዛሬም ስህተት ነው የሚል ነው። ሐረርን ሐረር ያደረጋት ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ነው። ከተማዋ ከገጠሯ ተለይታ የምትታየው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ ስለ ነበረች አይደለም፤ ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም ከ1967 ዓ.ም. በኋላ፣ በደረሱባት ሁለት ትልልቅ ለውጦች ምክንያት ነው። የቅርቡን መቆራረጥ አንሥተን ወደ አምስት መቶ ዓመት ታሪክ እያስገባነው ነው።

በመጀመሪያ የተቃራኒውን ወገን ማስረጃ በቅንነት ላስቀምጥ፤ ይህን የሚሉት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡምና። ግንቡን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሠሩት የሚለው ትውፊት የጦርነት ዘመን ትውፊት ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1543 ከወደቁ በኋላ የተዳከመችው ከተማ የኦሮሞ መስፋፋት ደርሶባት፣ ራብና በሽታም አጥቅቷት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሠራ ግንብ ለመከላከያ እንጂ ለጌጥ አይሠራም። ሌላም ማስረጃ አላቸው፤ ጌይ ሲናን፣ የሐረሪዎች ቋንቋ፣ ለዘመናት በአንዲት ከተማ ውስጥ ብቻ የተነገረ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ከሁሉ የሚጠነክረው ግን የሲድኒ ዋልድሮን ጥናት ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1974 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ሐረሪዎች በዝምድና፣ በጓደኝነትና በአፎቻ እርስ በርስ እንዴት ተሳስረው እንደሚኖሩ አሳይቷል። አፎቻ ሐዘንና ሠርግን በጋራ የሚሸከም ማኅበር ነው። በእነዚህ ሦስት ገመዶች የተሳሰረ ሕዝብ ማንነቱን ጠብቆ ለመኖር ከውጭ ሰው ብዙም አይፈልግም የሚለው ድምዳሜ ከዚህ የመነጨ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጥያቄው፣ እነዚህ ሰዎች ምን በልተው፣ በምን ገቢ አፎቻቸውን አቆሙ? የሚል ነው። እዚህ ላይ ነው ዝግ ከተማ የሚለው ሥዕል የሚፈርሰው።

ሥዕሉን ለዓለም የሣለው ሪቻርድ በርተን ነው። እንግሊዛዊው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 በኤረር በር ገብቶ፣ በአሚር አሕመድ ዘመን አሥር ቀን ያህል በከተማዋ ተቀምጦ ወጣ። መጽሐፉ በዓመቱ ሲታተም፣ አውሮፓዊ ያልረገጣት የተከለከለች ከተማ የሚለው ስም ከሐረር ጋር ተጣበቀ፤ እስከ ዛሬም አልተላቀቀም። ዳሩ ግን የበርተንን መጽሐፍ ከሐረር በር ጀምሮ ማንበብ ታሪኩን ከመካከል መጀመር ነው። ሰውዬው ከዘይላ ተነሥቶ ግንቡ እስኪደርስ ድረስ የሄደበትን አገር በየገጹ ጽፎታል። ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ሰጋራ በሚባል መንደር በግሪ ሶማሌዎች አለቃ በገራድ አደን ቤት ተስተናግዷል። ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ያለፈባቸውን የቡና፣ የጫትና የሱፍ ተክሎች መዝግቧል። ቡና አልሚዎች የአያያዙ ሙያ እንዳይጠፋ ርቀው እንዳይጓዙ መከልከላቸውንም ጽፏል። አንድ የከተማ መንግሥት ስለ ቡና ተክል ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ ያ መንግሥት ሕልውናው በአትክልቱ ላይ የቆመ መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው። በርተንን ያነበቡት ሰዎች የበሩን መዘጋት ያዙ፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈት የተጻፈውን ግን አለፉት።

በሮቹን ራሳቸውን እንመልከት። አምስት ናቸው፦ በሰሜን ፈላና በር፣ በምሥራቅ ኤረር በር፣ በደቡብ ምሥራቅ ሰንጋ በር፣ በደቡብ ቡዳ በር፣ በምዕራብ ሸዋ በር። ሐረሪዎች አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ ይሏቸዋል። ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ የምትሸፍን ትንሽ ከተማ ናት፤ ግንቧ ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህችን ለምታህል ከተማ መከላከያ ብቻ ቢፈለግ ኖሮ አንድ ወይም ሁለት በር ይበቃ ነበር፤ በር የግንብ ድካም ነው፣ እያንዳንዱም ጠባቂ ይፈልጋል። አምስት በር የሚከፍት መንግሥት በአምስት አቅጣጫ የሚፈልገው ነገር አለው። በፈላና በር በኩል ከሰሜኑ ኮረብታ፣ በኤረር በር በኩል ከሸለቆው የሚመጣው ሰው ጦሩን በር ላይ አስቀምጦ ይገባ ነበር። ይህ ጦር ማስቀመጥ ዘወትር የጥርጣሬ ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ በየቀኑ የሚገባና የሚወጣ፣ ሥርዓት የወጣለት ብዙ ሰው መኖሩን። ማንም የማይገባበት በር ላይ መሣሪያ የሚረከብ ዘበኛ አይቆምም።

በዚህ ጉዳይ መልስ የሚሆን ጥናት ከወጣ ቆይቷል፤ የሚያነበው ነው ያነሰው። በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ኮልክ እ.ኤ.አ. በ1977 በአፍሪካ ታሪክ ጆርናል ላይ ያወጣው ጽሑፍ ርእሱ ሳይቀር ስለ ሐረር ከተማና ስለ ጎረቤቶቿ የሚናገር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሚሮቹ ኃይል ከግንቡ ይልቅ በዙሪያቸው ካሉት የኦሮሞ መሪዎች ጋር በነበራቸው ስጦታ፣ ጋብቻና ስምምነት ላይ የተመሠረተ እንደ ነበር ከዚህ ጽሑፍ እንረዳለን። መሐመድ ሐሰንም በከተማዋ ዙሪያ ስላሉት ኦሮሞዎችና የምኒልክ ዘመቻ ስላመጣባቸው ለውጥ ጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ስለ ሐረር ሲናገር ግንቡን መነሻ ማድረጉን ይተዋል።

ጦርነቶቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 በራኡፍ ፓሻ እየተመሩ ሲመጡ ከባዱ ውጊያ የገጠማቸው ከግንቡ ላይ ሳይሆን በመንገድ ላይ ከኦሮሞ ጋር ነበር። በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ የምኒልክን ጦር የጠበቁት በሮቻቸውን ዘግተው አይደለም፤ በምዕራብ በኩል ርቀው ወጥተው ጨለንቆ ላይ ነው የገጠሙት። ሐረር የወደቀችው ጨለንቆ ላይ ነው፤ ግንቡ አልተዋጋም። የራሳቸው የሐረሪዎች ትዝታም ይህን ያውቃል፤ በየቤቱ ያለው ቀይ የተቀባ ወለል ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ዝግ የተባለችው ከተማ ሐዘኗን በቤቷ ውስጥ የምታስበው በገጠር ሜዳ በሆነ ነገር ነው።

ስለ ራምቦ አንድ ነገር ልበል፤ የእንግዶች ጉብኝት ሁሉ እሱ ጋ ስለሚደርስ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የባርዴ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር መጣ፤ እየወጣና እየተመለሰ እስከ 1891 ድረስ ነገደ፤ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወርዶ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። እንግዳ የሚወሰድበት፣ ባለ ቀለም መስኮቱና ሥዕላማ ጣሪያው የሚደነቀው ቤት ራምቦ የኖረበት አይደለም፤ እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ራምቦ ራሱን በካሜራ ያነሣው ግን የት ነው? እ.ኤ.አ. በ1883 ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ እንደ ገለጸው አንዱ ፎቶ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ ሌላው በቡና አትክልት ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ እጆቹን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ተክል መካከል ናቸው። ሰውዬው የመጣው ለቡና፣ ለቆዳና ለዝሆን ጥርስ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከተማ ውስጥ የሚበቅል የለም። እንግዶቻችንን ያልኖረበት ቤት ወስደን እናሳያለን፤ ሐረር ይህች ናት ብሎ ለእናቱና ለእኅቱ የላከውን አትክልት ግን አናሳይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐረሪው በሙያው ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ብቻ አልነበረም። ከግንቡ ውጭ የአትክልት ባለቤት ነበር፤ ቡናው፣ ጫቱ፣ ሙዙ፣ ሎሚውና ሱፉ የቤተሰቡ ገቢ ነበሩ። ጥቂቱ ራሱ እያለማ፣ ብዙው በኦሮሞ ጭሰኞች እያሳረሰ ይኖር ነበር። ሰውየው ጠዋት በበሩ ወጥቶ አትክልቱን አይቶ ከሰዓት ይመለሳል፤ መኸር ሲደርስ ማሳው ላይ ይሰነብታል። በአውሊያዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። የዩኔስኮ መዝገብ በከተማዋ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች እንዳሉ ያወሳል፤ ነገር ግን ሐረር ለረጅም ዘመን የኖሩት ካፑቺኑ ቄስ ኤሚል ፉሼ የአውሊያዎቹን ስም ሲያሰባስቡ የመዘገቡት የሐረርንና የአካባቢዋን ብለው ነው። ሐኪም ተራራ ላይ ያሉት አው ሐኪም፣ ከግንቡ ውጭ ያሉት አው ሶፊ ለከተማው ሰው እንደ ውስጦቹ ናቸው። ዚያራ የሚወጣው ሐረሪ ግንቡን ሲሻገር ከቅድስናው ክልል አልወጣም።

ዕቃውም እንደዚሁ ነው። እንግዳ የሚገረምበት የግድግዳ ስፌት የሐረሪ ሴት እጅ ነው፤ ሣሩ ግን ገጠር የበቀለ፣ የኦሮሞና የአርጎባ ሴቶች ተሸክመው ያመጡት ነው። የቤቱ ጣሪያ ግንድ፣ የግድግዳው ድንጋይ፣ የወለሉ ቀይ አፈር ከደጅ ነው የመጣው። ጠዋት ጠዋት በበሩ የሚገባው ማገዶና ወተት ሳይመጣ ቢቀር የጀጎል ምድጃ አይነድም፣ ሻይም የቡና ቅጠል ቁጢም አይፈላም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ትስስር ከነበረ ለምን ዛሬ አይታየንም? ሁለት ነገሮች ሆኑ። የመጀመሪያው ባቡሩ ነው። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኑ ከምኒልክ ፈቃድ ያገኙበት የጂቡቲ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ ቀርቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የምሥራቁ ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ከተማ ወረደ፤ ሐረር ያላት ሀብት መሬቷና ክብሯ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ ይህን ያለ ማንገራገር እናገራለሁ። የሐረሪውና የኦሮሞው ግንኙነት እኩል አልነበረም፤ የአንዱ አፎቻ በሌላው ላብ የቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም በአንድ ቀን አዋጅ ሐረሪው ከግንቡ ውጭ የነበረው መሬት ሁሉ ቀረ። ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ካናዳ ሄደ። የቀረው በግንቡ ውስጥ ተሰበሰበ። ሐረር በእውነት ዝግ የሆነችው ያኔ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ የመጣ ጎብኚም ሆነ ተመራማሪ ያየው ይህን የተሰበሰበ ሕዝብ ነው፤ ያየውንም ከጥንት የነበረ አድርጎ ጻፈው። ዋልድሮን የመስክ ሥራውን የሠራው ከአዋጁ በፊት ስለሆነ ከዚህ ወቀሳ ነጻ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን የእሱን የውስጥ ትስስር ይዘው መሬቱን ጣሉት።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ልስጥ። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን የሚኖር አብሮ አደጌ ስዊስና ፈረንሳውያን ወዳጆቹን ይዞ ሐረር መጥቶ ነበር። አስጎብኚው በሥራው የተመሰገነ ወጣት ነው፤ ጠዋቱን በጀጎል አዞራቸው፣ ያሳየውም ሁሉ ጥሩ ነበር። ከሰዓት እኔ ተቀበልኳቸውና በፈላና በር ወጣን። ከበሩ አፍ ላይ ማገዶ የደረደሩ ሴቶች፣ ጭነት የሚያወርዱ አህዮች፣ መንገዱን የያዙ ባጃጆች አሉ። ግንቡን በስተ ቀኝ እያደረግን ወደ ምሥራቅ ዞርን። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው ቁልቁለቱ ሲጀምር እርከኑ ታየ፤ በድንጋይ ተደግፎ፣ እንደ መሬቱ ቅርጽ እየተጠማዘዘ የሚወርድ። በእያንዳንዱ እርከን ላይ የጫት መደዳ፣ በመደዳዎቹ መካከል ማሽላ፣ ከዳር ለዳር ደግሞ ኦቾሎኒ ተዘርቷል። አንድ አዛውንት ቀንበጥ እየቀነጠሱ ዙርባ ሲያስሩ አገኘናቸው። «አባ፣ እንደምን ዋሉ» አልናቸው፤ ሥራቸውን ሳያቋርጡ መለሱልን። እንግዶቹ ስለ ጫቱ ሲጠይቁ እሳቸው ከጫቱ ሥር ጎንበስ ብለው አንድ የደረቀ ጉቶ በእጃቸው ነኩ። የቡና ጉቶ ነው። አባታቸው የተከሉት ሳይሆን፣ አባታቸው ለአንድ የጀጎል ሰው ያለሙት ቡና ነበር። የሰውየውን ስም፣ የቤቱን በር፣ ቡናው የሚገባበትን ጎተራ ሳይቀር ነገሩን። ልጆቹ ካናዳ ናቸው፤ ሲመጡ እዚህ ወርደው እንደሚጠይቋቸውም አወሩን። ከእንግዶቹ አንዷ በዝምታ ስታዳምጥ ቆይታ፣ ጠዋት የገባንበት ቤት የማን እንደሆነ አሁን ገባኝ አለች። ነደባው ላይ ተቀምጣ የሰማችው ታሪክ ግማሹ እዚህ ማሳ ላይ ነበር።

አብሮ አደጌ ወዳጆቹን በሐረር ማሳ መካከል ለማንሸራሸር የፈለገበት ምክንያት ነበረው። እሱ ራሱ እንግዳ ሲመጣበት ከሎዛን ወጥቶ ላቮ የሚባለውን አገር ያሳያል። ላቮ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር እርከን በእርከን የተደረደረ የወይን ተክል አገር ነው፤ እርከኑን በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኮሳት እንዳስጀመሩት ይታወቃል፤ ከሉትሪ እስከ ሺዮን ግንብ ዳርቻ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ዩኔስኮ ላቮን የመዘገበው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐረር ጀጎል በተመዘገበች በዓመቱ። በፈረንሳይም ሴንት ኤሚልዮን እ.ኤ.አ. በ1999 ስትመዘገብ ጥንታዊቷ ከተማ ብቻዋን አልገባችም፤ የወይን አገሯና መንደሮቿ አብረዋት ገቡ። እዚያ አገር እንግዳ ተቀባይ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አሳይቶ ወዳጁን አይሸኝም። ወይኑ የሚበቅልበትን ቁልቁለት ያስወርደዋል፤ ከተማዋ ከዚያ ስለ ኖረች።

ሐረር ከዚህ የምታንሰው በምንድነው? በመዝገቡ ቃል እንኳ አታንስም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሐረርን ሲመዘግብ ከተጠቀመባቸው መስፈርቶች መካከል በቁጥር አምስተኛ የሆነው ስለ ጀጎል ብቻ አይናገርም፤ ጀጎል በዙሪያዋ ካለው መልክዐ ምድር ጋር ሆና ሰው ከአካባቢው ጋር የነበረውን ግንኙነት የምትወክል ሰፈር መሆኗን ነው የሚመሰክረው። ስለ ዝግ ከተማ የሚናገሩ ጽሑፎች አብዛኞቹ መዝገቡን ይጠቅሳሉ፤ ይህን መስፈርት ግን ጠቅሶ የሚከራከር ሰው አላገኘሁም። የኮንሶ መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ተመዝግበዋል፤ በሁለቱም አገራችን እርከንና ማሳ ቅርስ መሆናቸውን ለዓለም አስረድታለች። ለሐረር ያንኑ ማለት አዲስ ነገር አይደለም።

እርግጥ ተቃውሞ ይኖራል። ገጠሩን ማድነቅ ጫትን ማድነቅ ይሆናል የሚሉ አሉ። ጫቱ ቡናውን እንዳፈናቀለ አልክድም፤ አወዳይ የጫት ገበያ ቆሞ የሚያይ ሰው ገበሬው ለምን እንደ ቀየረ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም በዕለቱ ይገባል። ነገር ግን ይህን ለመረዳትም ወደ ማሳው መውረድ ግድ ነው። ሌላው ተቃውሞ ከአስተዳደር ሰዎች የሚመጣ ነው፤ ከተማዋን እናስተዳድር፣ ገጠሩ የእርሻ ቢሮ ጉዳይ ነው የሚል። የሐረሪ ክልል በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 183,415 ሕዝብ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ ከተሜው 54 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኤረር፣ ሶፊና ድሬ ጥያራ ወረዳዎች የክልሉ አካል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም።

ውኃው ከሁሉ ይበልጥ ያስረዳል። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ሲስብ፣ ከተማዋ ስትጠጣ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የታጠበው ደለል ሐይቁን ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ጀጎል ውስጥ ሰው በጄሪካን ተሰለፈ፤ በኋላ ውኃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከድሬ ጃራ ተስቦ እስኪመጣ ብዙ ተንገላታ። ሐይቁ ከዚያ ወዲህ መልሶ ውኃ ይዟል፤ የተማርነው ነገር ግን መረሳት የለበትም። በኮረብታው ላይ ዛፍ ሲቆረጥ በግንቡ ውስጥ ቧንቧ ይደርቃል። ከተማዋንና ገጠሯን በሁለት መዝገብ መያዝ ያስከተለው ይህን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ተለይቶ የታወቀ ነገር ነው። የሐረር አስጎብኚዎች የግማሽ ቀኑን ጉብኝት ሙሉ ቀን አድርጉት፤ ጠዋት በጀጎል፣ ከሰዓት በፈላና በር ወጥታችሁ በኤረር በር ግቡ፤ ጊዜ ያለው እንግዳ ካለ ሐኪም ተራራ ውጡ፣ የአርጎባዎቹን የኮረሚን የድንጋይ ቤቶች አሳዩ፣ ባቢሌ ድረስ ውረዱ። ለማሳው ባለቤት ከክፍያው ድርሻ ይድረሰው፤ እንግዳው ያለ ፈቃድ ተክል አይርገጥ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የታሪክና የግብርና ተመራማሪዎች ደግሞ የጀጎል ቤተሰቦች ከ1967 ዓ.ም. በፊት የያዟቸውን አትክልቶች፣ ያለሙላቸውንም ጭሰኞች ስም፣ ሁለቱም ወገኖች በሕይወት ሳሉ ይመዝግቡ። ያን ቡና ያለሙት፣ አልሚውንም የሚያስታውሱት ሰዎች አርጅተዋል።

የክልሉ መስተዳድር ደግሞ ከግንቡ ምሥራቅ ያለውን ማሳ ለቤት መሥሪያ አይሸንሽነው። በሰሜንና በምዕራብ በኩል ከተማው ግንቡን አልፎ ሄዷል፤ ግንቡና እርሻው ሳይጋረዱ የሚተያዩበት የቀረው ከኤረር በርና ከሰንጋ በር በታች ያለው ቁልቁለት ነው። የዩኔስኮ አምስተኛው መስፈርት የቆመው በዚያ መሬት ላይ ነው።